አማቴን የገደለው ዳታቤዝ

ዛሬ ጠዋት ሰው ገደልኩ። ረፋድ ላይ ተነሣ።

ያውም ማንን? የወደፊት አማቴን!

ቆይ፣ ፖሊስ አትጥሩ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ደብረ ብርሃን የምኖር የአይቲ ሰው ነኝ። ለሰፈራችን እድር አንድ ሲስተም ሠርቼለታለሁ። ኀዘን ሲመዘገብ በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ይልካል። ድሮ ጥሩምባ ነበር የሚነፋው። ያዘመንኩት እኔ ነኝ፣ አጨብጭቡልኝ። ጭብጨባውን ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ።

ዳታቤዙ ያለው ክላውድ ላይ ነው። ክላውድ ማለት በአጭሩ የሰው ግቢ ነው። ዕቃህን ታስቀምጣለህ፣ አከራዩ «ውጣ» ሲልህ ትወጣለህ።

የእኛ አከራይ ክረምቱን ሙሉ በኢሜይል ሲለምነኝ ከረመ። «አገልግሎቱ ሊዘጋ ነው፤ ዳታችሁን አንሡ።» እኔም እያንዳንዱን ኢሜይል በአክብሮት ከፍቼ በአክብሮት ዘጋሁት።

ትናንት ከሰዓት የመጨረሻው መጣ። ነገ ይዘጋል!

አዲስ ቤት ፈልጌ ማጓጓዝ ጀመርኩ። መዝገቡ ሁሉ ሰተት ብሎ ገባ። አንዱ ብቻ «ቀኑ ልክ አይደለም» ተብሎ በር ላይ ቀረ። የማን እንደሆነ አየሁ? አላየሁም! ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው። «ቀኑን እምቢ ካልክ የዛሬን ሙላበት» ብዬ አዘዝኩት። ገባ። ላፕቶፔን ዘግቼ በኩራት ወጣሁ።

ዛሬ ማለዳ ስልኬ ጮኸ።

«የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዘውዴ ቤት ኀዘን ስለ ደረሰ፣ አባላት በሙሉ በቤታቸው እንድትገኙ።»

ክው አልኩ። ሲስተሙን የሠራሁት እኔ፣ ያመንኩትም እኔ!

ጋሽ ዘውዴ ደግሞ የእድር ዳኛ ብቻ አይደሉም። የትርሲት አባት ናቸው። ትርሲት ጫጫ ከተማ ታስተምራለች። የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ልልክባት ተዘጋጅቻለሁ፤ መምሬ ታምሩ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሊሄዱልኝ ቃል ገብተዋል።

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ያዘንኩት ለእሑዱ ነው። ለጋሽ ዘውዴ ያዘንኩት ከዚያ በኋላ ነው። አትፍረዱብኝ።

ውርጩን እየረገጥኩ ስሮጥ ሰፈሩ ሁሉ እየሮጠ ነው። እድር ቀልድ አያውቅም፣ ያልተገኘ ይቀጣል። ስንደርስ የጋሽ ዘውዴ በር ተቆልፏል፤ ስልካቸው ውስጥ ይጮኻል። አንዱ «ሆስፒታል ይሆናሉ» አለ። ሌላው «ወይኔ፣ እሳቸው ናቸዋ!» አለ። በቃ፣ በዚያው ጸደቀ።

የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት እትዬ ብዙነሽ ድስቱን አስወጡ። ድንኳኑ በር ላይ ተተከለ። ምሰሶውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰው በሚያየኝ በኩል ዞሬም እንባዬን ጠረግኩ።

ይሄኔ ጋሽ ዘውዴ ከባለቤታቸው ጋር ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቅ አሉ።

በእግራቸው!

ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሳቸው ግን የእድር ዳኛ አይደሉ? ድንኳን ሲያዩ አስችሏቸው አያውቅም።

«ይሄ ምን አተካከል ነው? በዚያ በኩል ሳቡት እንጂ! አንተ፣ ምሰሶውን ቀጥ አድርገው!»

አንተ የተባልኩት እኔ ነኝ። ቀጥ አደረግኩት።

«ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?»

እትዬ ብዙነሽ ድስቱን ለቀቁት። «እርስዎ!»

ሳቅ ሊጀመር ሲል ከጫጫ የመጣ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ቆመ። ትርሲት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደች። መልእክቱ ለእሷም ደርሷት ኖሯል። አባቷ ቆመው ስታይ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ቀርባ ፊታቸውን ዳሰሰችና ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በእውነት ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው። ከጫጫ እስከዚህ ድረስ አባቷ ሞተውባት ነበር የመጣችው።

ቀና ብላ «ማነው የላከው?» አለች።

«ሲስተሙ ነው» አልኩ።

«ሲስተሙን ማን ሠራው?»

ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

ላፕቶፔን አምጥቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ከፈትኩት። ያ በር ላይ ቀርቶ የነበረው መዝገብ የጋሽ ዘውዴ እናት ኀዘን ነው። ካቻምና አንኮበር ወስደን ነው የቀበርናቸው። ያን ቀንም ጋሽ ዘውዴ እንዲያዩኝ ብዬ ወንበር ስሸከም ውያለሁ! ያረፉት ደግሞ ጳጉሜ ሦስት። ወር አሥራ ሦስት! አሮጌው ዳታቤዝ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር። አዲሱ ግን ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አያውቅም። እኔም የዛሬን ቀን ሞልቼ፣ ሴትዮዋን እንደ አዲስ ገደልኳቸው።

«ፈረንጆቹ ዘንድ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» ብዬ አስረዳሁ።

ጋሽ ዘውዴ አዩኝ። «አንተ የት ነው የተወለድከው?»

«እነዋሪ።»

«እነዋሪ ጳጉሜ የለም?»

መልስ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

በዚህ ላይ መምሬ ታምሩ ተነሡ። ሰው ተሰብስቧል፣ ድንኳን ተተክሏል፤ እሑድን መጠበቅ ምን ያደርጋል ብለው ነው መሰለኝ።

«ዘውዴ፣ እሑድ ልንመጣብህ ነበር። ለዚሁ ልጅ ትርሲትን ልንጠይቅ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

ጋሽ ዘውዴ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። ትርሲት አቀርቅራ እንባዋን ትጠርጋለች፤ እየሳቀችም መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

«መምሬ፣ እርስዎን እምቢ አልልም» አሉ በመጨረሻ። «ይምጡ። ጳጉሜ አንድ ይምጡ።»

ወገኖቼ፣ ገና ጥቅምት ላይ ነን! የእንቁጣጣሽ ቄጤማ እንኳ በደንብ አልደረቀም!

ድንኳኑን ብቻዬን አፈረስኩ፣ ቅጣቴ ነው። ከዚያ ቢሮ ገብቼ የእናትየውን ቀን አስተካከልኩ። ይቅርታ የሚል መልእክትም ለአባላቱ ሁሉ ላክሁ። እግረ መንገዴን ቀጠሮዬን እንዳልረሳ ብዬ እዚያው አዲሱ ዳታቤዝ ላይ መዘገብኩት። ጳጉሜ አንድ።

«እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለኝ።

እናንተ! ጋሽ ዘውዴ ይሄን አስበውበት ይሆን እንዴ?