ከማን ኮረጅከው?

መምህር ይርዳው ሕልም አየ። እንዲህ ያለውን ሕልም ለጠላትም አይስጥ ልል ነበር፤ ግን ይስጥ፣ ማን ያውቃል፣ ይጠቅመው ይሆናል።

በሕልሙ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ደረሰ። በሩ ያው የሚያውቀው የቆርቆሮ በር ነው፤ የተገለበጠው ሰዉ ነው። ተማሪዎቹ ውስጥ ሆነው ሻይ ይጠጣሉ፣ መምህራኑ ውጭ ተሰልፈው ብርድ ይመታቸዋል። ርእሰ መምህሩ አቶ ጌጡ በቁምጣና በተቀደደ ካልሲ ከሰልፉ ጭራ ቆሞ ይነፋረቃል።

"ምነው አቶ ጌጡ፣ ምን ሆንክ?" አለው ይርዳው።

"ጥፍሬን ሳልቆርጥ መጣሁ፤ ዛሬ አያስገቡኝም" አለና ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ።

ጥበቃው አህያ ነበር። አህያ ስላችሁ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ የምር አህያ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ሥራውን የሚያከብር። ይርዳው ቦርሳውን ሊያስፈትሽ ሲከፍት አህያው ራሱን ነቀነቀ።

"ቦርሳህን ተወው። ሆድህን ነው የምፈትሸው።"

"ሆዴን? ለምን?"

"ሆድ ይፍጀው እያላችሁ የምትከቱት ሁሉ እዚህ በር ላይ ይታያል። ትናንት አንዱ ፈንድቶ አጥሩን ይዞብን ሄደ።" ጆሮውን ከይርዳው ሆድ ላይ ለጠፈ፤ አዳመጠ፤ ዐይኑን አፈጠጠ። "ኧረ የጉድ አገር! ይሄ እስከ ጉሮሮው ሞልቷል። ቶሎ ክፍል አስገቡት!"

ወዲያው ክፍል ውስጥ ሆነ። በሕልም መንገድ የለም፣ መድረስ ብቻ ነው። ጉልበቱ አገጩን እየነካው ከሕፃን ዴስክ ጋር ተቆላልፎ ተቀምጧል። አጠገቡ የአማርኛ መምህርቷ ወይዘሮ ትርንጎ አለች። ትርንጎን የማያውቅ የለም፤ ምላሷ ይፈራል፣ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርታ አታውቅም፣ ስታለቅስ ያያት ሰው ገና አልተወለደም። በሕልሙ ግን ወረቀቷን በክንዷ ከልላ "እንዳታይብኝ!" እያለች ታጉረመርማለች።

ሰሌዳው ጋ የቆመችው ሐመልማል ናት። ሐመልማል ሰባተኛ ክፍል ከኋላ የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ለማለት የምትሽኮረመም ተማሪው ናት። አሁን የይርዳውን ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ እጅጌውን አጥፋ፣ በጠመኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈች፤ "እንዴት ነህ?" ከሥሩም "መልሱን በራስህ አባባል ግለጽ" ብላ አሰመረችበት።

ይርዳው ደስ አለው። ይሄማ ቦነስ ነው! ሳያስብ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ብሎ ጻፈና ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ።

ወረቀት የሚሰበስበው ሱፐርቫይዘሩ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ሙክት ነው። መልሱን የሚያርመው በልቶ ነው። የይርዳውን ወረቀት አላመጠ አላመጠና እንትፍ አለው።

"ይሄን ጠዋትም በልቼዋለሁ። ከዚያኛው ትምህርት ቤትም በልቼዋለሁ። ሁሉም አንድ ጣዕም ነው።"

ሐመልማል ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው። "አንተ ይርዳው! ተነስ! ከማን ኮረጅከው?"

"ኧረ አልኮረጅኩም ቲቸር! እግዜር ምስክሬ ነው!"

"ክፍሉ በሙሉ አንድ መልስ ጽፎ አልኮረጅንም ትላላችሁ? አንተ ራስህ ፈተና ስታርም ይሄን ብታገኝ ምን ታደርግ ነበር?"

ይርዳው አንገቱን ደፋ። ዜሮ ነበር የሚሰጠው፣ ምን ጥያቄ አለው።

"ደህና ያለ ሁሉ የት እንደሚገባ ታውቃለህ?" አለችው ወደ ግድግዳው እያመለከተች። ግድግዳው ላይ "አርአያ መምህር" ተብሎ የተጻፈበት ፍሬም ተደርድሯል። በየፍሬሙ ውስጥ ሰው አለ፤ ፎቶ መሰለው እንጂ ሰው ነው፣ በመስታወት ታሽጎ ፈገግ እንዳለ የደረቀ። አንዱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቷል። ይርዳው በጀርባው አወቀው፤ ደርበው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካልሆነ ያ ጀርባ ሰውየውን ለምን እንዳስፈራው አይገባችሁም። ይርዳው ሒሳብ አስተማሪ ነው። ባለፈው ሐሙስ፣ በውኑ ነው የምላችሁ፣ ክፍልፋይ ሊጽፍ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ዞሮ መመለስ አቃተው። ጠመኔው በእጁ ነው፣ ልጆቹ ከኋላው ይንጫጫሉ፣ እግሩ ግን አልታዘዝ አለ። ደወል አዳነው። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለሚስቱ ለእቴነሽ እንኳ "ትንሽ ደክሞኛል" ነው ያላት። አምና መምህር ደርበውን እንዲሁ ነው የጀመረው። አንድ ጠዋት ይርዳው "እንዴት አደርክ?" ቢለው "ደህና፣ ተመስገን" ብሎ ክፍል ገባ፤ ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረ ቀረ። ደግፈው አወጡት። አሁን እህቱ ቤት ነው፤ ግድግዳ እያየ ይውላል። ይርዳው ሊጠይቀው ሄዶ "ደርበው፣ እኔ ነኝ እኮ" ቢለው ዞር እንኳ አላለም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ይርዳው እንቅልፍ የሚባል ነገር በወጉ አላገኘም።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ሐመልማል ጠመኔዋን አስቀመጠችና "ወላጅህን ይዘህ ና" አለችው።

"ቲቸር፣ አባቴ ከሞተ ቆየ እኮ።"

"ምክንያት አልፈልግም።"

በሩ ተንኳኳ፤ አባቱ ጋቢውን እያስተካከለ ገባ። ሞቷል፣ ተቀብሯል፤ ወላጅ አምጣ ሲባል ግን መጣ። አባት ምን ያድርግ! ባርኔጣውን አወለቀና ለዚያች ለጋ ልጅ ወገቡ እስኪቆረጥ እጅ ነሳ።

"ምን አጠፋብኝ የኔታ?"

"ይህን መልስ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?" ወረቀቱን አሳየችው።

"አዎን። ሰው እንዴት ነህ ሲል ደህና ይባላል። ሌላ የሚባል ነገር አለ እንዴ?"

"እርስዎ ታዲያ ደህና ነበሩ?"

አባቱ ከዘራውን መሬት ላይ አሽከረከረ።  ይርዳው አባቱ እንዲህ ሲያቀረቅር አይቶት አያውቅም።

"የዚህ ልጅ እናት የሞተች ዓመት ደህና አልነበርኩም" አለ በመጨረሻ። "በረት እየገባሁ ከላሟ ጋር አወራ ነበር። ላሟም ሰለቸኋት መሰል ወተቷ ነጠፈ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ደህና ነኝ። ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው እንኳ እኔው ነበርኩ እነሱን የማጽናናቸው።"

"ከማን ኮረጁት?"

"ካባቴ ነዋ።"

"እሳቸውስ?"

"ውጭ ተሰልፏል፣ ጠይቂው።"

ይርዳው በመስኮት አየ። ከበሩ ጀምሮ በኳስ ሜዳው አልፎ እስከ ተራራው ድረስ ሽማግሌ በሽማግሌ ነው። ሁሉም ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመዋል። አንዱ ለሌላው "ደህና ነህ?" ይላል፤ ያኛው "ደህና" ይላል፤ ቃሉ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ተራራውን ይወጣል። አቤት ሲያሳዝኑ!

"አባዬ፣ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" አለ ይርዳው።  "እኔ እኮ እናቴን አትወዳትም ነበር ብዬ ስንት ዓመት ቂም ያዝኩብህ!"

"አንተስ ለልጅህ ነግረሃል?"

ይርዳው አስታወሰው። ሴት ልጁ "አባዬ፣ ለምን አታወራም?" ብላው "አጥኚ" ነበር ያላት።

ሙክቱ ምስማር በጥርሱ ይዞ፣ መዶሻና ባዶ ፍሬም አንጠልጥሎ መጣ። የይርዳውን ትከሻ በሜትር ለካ። "ልክ ነው። ፈገግ በል።" መዶሻው ከደርበው ጎን ጓ ጓ ማለት ጀመረ። ይርዳው ሊሮጥ ሲል ከዴስኩ መውጣት አቃተው። መስታወቱ ከእግሩ ተነስቶ ወደ ላይ መጣ፤ ጉልበቱን አለፈ፣ ደረቱን አለፈ፣ ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘው።

"አንድ ዕድል አለህ" አለች ሐመልማል። "እንዴት ነህ?"

አፉን ከፈተ። ምን ወጣ መሰላችሁ? "ደህና!" አፉ ለምዶበታል፣ ምን ይፈረድበታል። መስታወቱ አገጩ ደረሰ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና "ደህና!" ከፍሬሙ ውስጥ ደርበው ሊዞር ሲታገል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታየው።

ልጅቷ ጎንበስ አለችና ከመስታወቱ ጠርዝ በላይ፣ ያቺን የምትሽኮረመም ድምፅዋን አውጥታ፣ "ቲቸር" አለችው፣ "በራስዎ አባባል።"

ይርዳው ጮኸ። "ደህና አይደለሁም! ዞሬ መመለስ አቃተኝ! እንቅልፍ የለኝም! ልጄ አባዬ ስትለኝ ይደክመኛል! እንደ ደርበው እንዳልቀር ፈራሁ! ደህና አይደለሁም፣ አይደለሁም!"

ነቃ።

ቆሟል። የከተማው አዳራሽ ውስጥ፣ ከየትምህርት ቤቱ በተሰበሰበ መምህር መካከል፣ ለብቻው ተገትሮ ቆሟል።  ፊት ለፊት ሸራው ላይ "የመምህራን የአእምሮ ጤንነትና ራስን መንከባከብ" ይላል። አሰልጣኙ፣ ክራቫት ያሰረ ወጣት፣ "አሁን ሁላችሁም ዐይናችሁን ጨፍኑና በረጅሙ ተንፍሱ" ብሎ ነበር፤ ይርዳው ከሐሙስ ወዲህ ያጣው እንቅልፍ ያችን ሰበብ አግኝቶ ነው ጭልጥ አድርጎ የወሰደው። አሁን ሁሉም ዐይኑን ገልጦ እሱን ያያል።

"እ... መምህር" አለ አሰልጣኙ፣ "አስተያየት ሲኖርዎት እጅ አውጥተው ቢሆን። ደግሞ ውይይት በመጨረሻ ነው።"

ወደኋላ ካሉት ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። አቶ ጌጡ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰው የውኑ አቶ ጌጡ፣ የይርዳውን ኮት ጎተተ። "ቁጭ በል እንጂ! ምን ጉድ ነው፣ ሰው ምን ይላል? ቃዠሁ በላቸው!"

ይርዳው ጆሮው ጋለ። ማምለጫው ቀላል ነበር፤ "ይቅርታ፣ ሕልም ነው" ቢል ይስቃሉ፣ ይስቃል፣ ይቀመጣል፣ ሰኞ ወደ ሰሌዳው ይዞራል።

"ደህና ነዎት አይደል?" አለ አሰልጣኙ፣ ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጎ።

"አይደለሁም" አለ ይርዳው። አሁን አልጮኸም። 

 አሰልጣኙ ስላይዱን ወደፊት ገፋ፤ የውሃ ብርጭቆ የያዘች ሴት ፈገግ ብላ ታየች። ወደኋላ መለሰ፤ የተዘረዘረ ነገር መጣ። እንደገና ገፋ። ከይርዳው ጎን የተቀመጠችው ትርንጎ፣ ያቺ ምላሷ የሚፈራው ትርንጎ፣ እጇን አወጣች።

"ጥያቄ ነው፣ እናቴ?"

"ጥያቄ አይደለም። እኔም አይደለሁም።"

አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ሰዉን አየ። "እንግዲህ... ወደሚቀጥለው ልለፍ?"

"አትለፍ፣ ልጄ" አለች ትርንጎ።