የአያ ፈንታ ቤት ዕድሜ

እኛ ደብረ ታቦሮች ሁለት ዓይነት ቤት አለን። አንዱ አማች ሊመጣ ሲል የምናሳየው ነው፤ ግድግዳው ይለሰናል፣ የጎረቤት ምንጣፍ ይነጠፍበታል፣ የሌለ በሬ ሳይቀር «ሣር ላይ ነው» ይባልለታል። ሁለተኛው ገማች ሲመጣ የምናሳየው ነው። ያኔ ቤቱም ባለቤቱም አብረው ያረጃሉ፤ ትናንት ገበያ ሮጦ የመጣው ሰውዬ ዛሬ ምርኩዝ ይፈልጋል። እርስዎ የሌላ አገር ሰው ከሆኑ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይሉ ይሆናል። ይበሉ፣ አልከራከርዎትም።

ባለፈው ግንቦት ማዘጋጃ ቤቱ ለጣሪያና ግድግዳ ግብር ቤቶቻችንን እንደ አዲስ ሊያስገምት ነው ተባለ። የሰፈራችንን ሩጫ ባዩልኝ! ሶፋ በጓሮ በኩል ይወጣል፣ ቴሌቪዥን ጋቢ ተከናንቦ እንደ ታማሚ ተደግፎ ጎረቤት ይገባል። እኔ ቤት ብቻ ሦስት ሶፋ ተቆልሎ መቀመጫ አጣሁ። ኋላ ሲጣራ የሚገመተው ጣሪያውና ግድግዳው ብቻ ኖሯል። የግብሩ ስም ራሱ ያንኑ ይል ነበር፤ ማን ሰምቶት!

የጎረቤቴ የአያ ፈንታ ጭንቀት ግን የሶፋ አልነበረም። የመጨረሻ ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ የበኩር ልጇን እንደ ደንቡ እናቷ ቤት ልትወልድ ሐምሌ ላይ ትመጣለች። ቤቱ ደግሞ ያፈሳል። የእኛን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በረዶው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የጀመሩትን ጸሎት ያስረሳል። አያ ፈንታ አዲስ ቆርቆሮ ገዝተው ጓዳ ደብቀዋል። አሮጌው ጣሪያ ተገምቶ ይመዝገብና በማግስቱ እቀይረዋለሁ ብለው ነው የሚጠብቁት። ብልጠት መሆኑ ነው።

ገማች ሆና የመጣችው የድሮ ተማሪዬ ሆና አረፈችው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ይህን ቀደም ብዬ ብነግርዎት ኖሮ የሚመጣውን ጥፋት ያውቁት ነበር። ልጅቷ ሜትሯን ዘርግታ ግድግዳውን ለካችና «ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች። አያ ፈንታ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። እርዳኝ ማለታቸው ነው። ቤት ባረጀ ቁጥር ግምቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ማስረጀት ያዝኩ። ሃምሳ ብል ይበቃ ነበር። ግን ጋፋት አፍንጫው ሥር ሆኖ ሃምሳ ላይ የሚያቆም የታሪክ መምህር ከየት ይመጣል?

«ይህ ቤት» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ሲሠራ ከሰል ያከስሉ የነበሩት የአያ ፈንታ ቅድመ አያት ያቆሙት ነው።»

ልጅቷ ብዕሯን አነሣች። አያ ፈንታም ምርኩዛቸውን ረስተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎት፤ ቤቱን የሠሩት ራሳቸው አያ ፈንታ ናቸው። ጭቃውን ከነጭዱ በእግሬ ያቦካሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በጉርምስናዬ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ፤ ቤቱ በቅርስነት ስለተጠቆመ ተጠንቶ እስኪወሰን ድረስ አይገመትም። አያ ፈንታ ይህን ሲሰሙ ሊያቅራሩ ዳዳቸው። ደብዳቤው ግን ይቀጥላል፤ እስከዚያው ድረስ ከቤቱ ምስማር እንኳ እንዳይነቀል። አያ ፈንታ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸው ልትመጣ ሳምንት ቀርቷታል።

አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ። በእኔ ምላስ የተነሣ አንዲት አራስ ከነጨቅላዋ ዝናብ ሊመታት ነው! ዣንጥላዬን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩና፣ ዓመቱን ሙሉ «አትዋሹ» ስላት በነበረችው ልጅ ፊት «ዋሽቻለሁ» አልኩ። ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችኝና በአክብሮት «መምህር፣ ማስረጃ አለዎት?» አለችኝ። ስዋሽ ብጣሽ ወረቀት ያልጠየቀኝ ቢሮ፣ እውነቱን ስናገር ሦስት ምስክር አምጣ አለኝ።

ምስክር ፍለጋ ሰፈር ዞርኩ። ወይ ጉድ! አንዱ «አያቴ ሲያወሩት ሰምቻለሁ» ይለኛል፣ ሌላው የከሰሉ ጉድጓድ ጓሮዬ ነው ብሎ ይምልልኛል። የቀሩኝ ባለቤቱ ብቻ ነበሩ።

አያ ፈንታን ያገኘኋቸው ባልዲና ሳፋ መሐል ተቀምጠው ነው። ውኃው ከላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«አያ ፈንታ፣ ስለ ልጅዎ ብለው ይምጡና ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ ይበሉ» ብዬ ለመንኳቸው።

ባልዲውን ወደ ጠብታው ገፋ አደረጉ። «ልጄስ አንተ ቤት ትውለድ» አሉኝ። «ያንተ ቤት አያፈስ፣ ታሪክ የለበት፣ ምን የለበት።»

«እሺ፣ ቤቴ ቤቷ ነው። ግን ጭቃውን ያቦካሁት እኮ እኔ ነኝ!»

አያ ፈንታ የሞላውን ሳፋ ወደ ደጅ ደፍተው፣ ባዶውን ቦታው መለሱና በትዝብት አዩኝ።

«ያኔማ አደስነው እንጂ መች ሠራነው!»