ሁለት ዛፍ የወጣ ጠበቃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ያላችሁ ቀረብ በሉ። ዝም ያላችሁት ግን ጠበቆች ሳትሆኑ አትቀሩም፤ ካልተለመናችሁ አፋችሁን አትከፍቱም።

ድሮ፣ አውሬ እንደ ሰው በሕግ በሚካሰስበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። ሦስት በጋ ሙሉ በጥፍሯ ቆፍራ፣ ድንጋዩን በአፍንጫዋ ገፍታ፣ ጉድጓድ ሠራች። ኧረ ጉድጓድ ማለትስ ነውር ነው፣ ቤት ነው እንጂ! ጓዳ አለው፣ ማረፊያ አለው። ሁለት ልጆችም ወለደችበት።

አንድ ቀን ልጆቿን አስከትላ ሥራ ሥር ልትፈልግ ወጣ ብላ ስትመለስ፣ ከርከሮ ቤቷ ገብቶ ተጋድሞ አገኘችው። ያውም እያንኮራፋ።

«አያ ከርከሮ፣ ምነው በሰው ቤት?» አለችው።

«የማን ቤት? እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ይህን የሚያህል ጥርስ አይታይሽም?» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ጃርቷ እሾኋን አቁማ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት። ልጆቿን ይዛ ወንዝ ዳር ካለ አለት ሥር ተጠለለች። ክረምቱ ሊገባ ግን የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ወንዙ ሲሞላ አለቱን እንደሚውጠው ደግሞ በደንብ ታውቃለች። ከዝናቡ በፊት ካልተፈረደላት ልጆቿን ውሃ ሊወስድባት ነው። ስለዚህ ጠበቃ ፍለጋ ሄደች።

በዚያ ጫካ ስመ ጥሩ ጠበቃ ጉሬዛ ነበር። ጥቁርና ነጭ ካባውን ሌላው ተምሮ፣ ተፈትኖ ይለብሰዋል፤ እሱ ግን ለብሶት ተወለደ። የጠበቆችን የሥነ ምግባር ደንብ በዛፍ ልጥ ላይ የጻፈውም እሱ ራሱ ነው ይላሉ። የሰቀለው ከዛፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ ግን ከእሱ በቀር ያነበበው የለም።

«እሜቴ ጃርት፣ ከሐኪምና ከጠበቃ አይደበቅም» አላት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሆድዎን ይዘርግፉልኝ። የነገሩኝ ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ጃርቷ ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቤቴ የጓሮ በር አለው። ከትልቁ ግራር ሥር ነው፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኜዋለሁ። ከርከሮ አያውቀውም። ዳኛው ቦታውን ሊያዩ ሲመጡ ድንጋዩን አንሥቼ አሳያቸዋለሁ። ቤቱን የሠራ ካልሆነ ጓሮውን ማን ያውቃል?»

«በቃ፣ ያለቀ ጉዳይ ነው! ሌላስ የቀረ ነገር አለ?»

ጃርቷ አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ገጠመችው። «የለም» አለች።

«እንግዲያው ሄደው ልጆችዎን ያጫውቱ» አላት። ጃርቷም ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ተመለሰች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ዳኛው ጎሽ ነበሩ፤ ሲያመሰኩ የሚያስቡ እየመሰላቸው እንስሳቱ ሁሉ ያከብሯቸዋል። በጫካው ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ እግር ለእግር በሐረግ ይታሰራሉ፤ ፍርድ ሳይሰጥ አይፈቱም። የከሳሽ ጠበቃ በስተቀኝ ካለው ዋርካ፣ የተከሳሽ ጠበቃ በስተግራ ካለው ዝግባ ላይ ሆኖ ይሟገታል። ሊያይ ያልመጣ እንስሳ አልነበረም፤ ጅብ እንኳ ሥራ ፈትቶ ከኋላ ቁጢጥ ብሏል።

ጉሬዛው ከዋርካው ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ደንበኛዬ እሜቴ ጃርት ይህን ቤት በገዛ ጥፍራቸው ቆፍረውታል!» አለ። ጃርቷ በኩራት ቀና አለች። እሱ ግን እመር ብሎ ዝግባው ላይ ወጣና ድምፁን ጎርነን አደረገ። «ጌታዬ፣ ደንበኛዬ አያ ከርከሮ ይህን ክደው ይከራከራሉ!»

«ጌታዬ፣ እሳቸው እኮ የእኔ ጠበቃ ናቸው!» አለች ጃርቷ።

«የእኔም ናቸው» አለ ከርከሮ።

ጉባኤው ተንጫጫ። አንዲት ጦጣ «ኧረ ጉድ ነው! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!» ብላ ጮኸች።

«ተረቱ ሁለት እግር ላለው ነው» አለ ጉሬዛው ምንም ሳያፍር። «እኔ አራት አለኝ።»

ዳኛው ማመስኳታቸውን አቆሙ። «የጥቅም ግጭት አይሆንም ወይ?»

«የማን ጥቅም ጌታዬ? የእኔ ጥቅም ከእኔ ጥቅም ጋር ተጋጭቶ አያውቅም።»

ዳኛው ይህ ከባድ ሕግ መሰላቸው መሰለኝ፣ «ይቀጥል» አሉ። ጃርቷም፣ መቼም ምስጢርዎ ከእኔ ጋር ይቀበራል ብሎኛል እያለች ራሷን አጽናናች። ያን የመሰለ ካባ የለበሰ ይዋሻል ብላ እንዴት ትጠርጥር?

ሁሉም ቦታውን ለማየት ወረዱ። ጃርቷና ከርከሮ በሐረግ እንደታሰሩ፣ እሷ በእሾኋ እየወጋችው፣ እሱ እየጎተታት ደረሱ። ገና አፏን ሳትከፍት ከርከሮ ቀደመ።

«ጌታዬ፣ ቤቴ የጓሮ በር አለው። ከግራሩ ሥር ነው፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኜዋለሁ።»

ድንጋዩ ተነሣ፤ በሩ ተገኘ። ጃርቷ ክው አለች።

«አንተ ጉሬዛ! ከእኔ ጋር ይቀበራል አላልከኝም?» አለች። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

«ምስጢርዎን ለባዕድ ትንፍሽ አላልኩም» አላት ካባውን እያራገፈ። «የነገርኩት ለደንበኛዬ ነው። ለደንበኛ የሚበጀውን እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ በደንቡ ነውር ነው።»

«እንግዲያው እኔም ደንበኛህ ነኝ! የእሱን ምስጢር ንገረኛ!»

«እንዴት ተደርጎ! የደንበኛ ምስጢር እኮ ነው» አለ በጣም ተቆጥቶ።

ዳኛው ሰማዩን አዩ፤ ደመናው ጠቁሯል። «እሜቴ ጃርት፣ ሌላ ማስረጃ ከሌለሽ ልፈርድ ነው» አሉ።

ሌላ ማስረጃስ ነበራት። ለጠበቃው ያልነገረችው ሦስተኛ በር አለ፤ ጅብ የመጣ ቀን ልጆቿ የሚያመልጡበት ጠባብ በር። ለማንም አልናገርም ብላ የማለችበት ነው። አሁን ብትናገር ጅቡ ይሰማል፤ ዝም ብትል ወንዙ አለ። ተከትለዋት የመጡ ልጆቿን አየች፣ ደመናውን አየች፣ አለቀሰች።

«ሦስተኛ በር አለው» አለች። «ወዴት እንደሆነ እስቲ አያ ከርከሮ ይንገሩን።»

ከርከሮ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው ሰማይ ሰማይ አየ። ጃርቷም ከርከሮውን እየጎተተች ከቤቱ አጠገብ ካለ ኩይሳ ጀርባ ዞረች፤ ቁጥቋጦውን ገለጠችና በሩን አሳየች። ዳኛው አዩ፣ ጦጣዋ አየች። ጅብም አንገቱን አስግጎ፣ ሳይቸኩል፣ በደንብ አየ።

ቤቱ ለጃርት ተፈረደ። ሐረጉ ተፈታ። ጉሬዛው ወደ ዋርካው ዘሎ «አሸነፍን እሜቴ! አላልኩዎትም?» እያለ ጨፈረ።

ጃርቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ ጅብ በደጇ አለፈ። «እንኳን ደስ አለሽ እሜቴ። ድንቅ ቤት ነው፤ በሮቹን ሁሉ ወደድኳቸው። ማምሻውን ብቅ ብዬ እጠይቅሻለሁ» አላትና እየሳቀ ሄደ።

ጃርቷም ቤቷ ሳትገባ ከደጇ ተመለሰች። ከዚያም ልጆቿን ከፊት አስቀድማ ወደ ተራራው አቀናች። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ እሾኋ ላይ አረፈ። ገና ዞር ከማለቷ ከርከሮ ተመልሶ ገባ፤ ጥርስ ላለው የበር ብዛት አያስጨንቀውም።

«ይኸውላችሁ!» አለ ጉሬዛው ከላይ ሆኖ። «ሁለቱም ደንበኞቼ ረኩ! አንዷ ፍርዱን፣ አንዱ ቤቱን አገኘ።» ቀጥሎም ጃርቷን ጠራት። «እሜቴ! አዲሱን ቤት ወዴት ሊቆፍሩ ነው? ነገ ክስ ቢነሣ እንዳልቸገር ይንገሩኝ እንጂ፤ ከጠበቃ እኮ አይደበቅም!»

ጃርቷ ሳትቆም ዘወር አለች። «ጅብስ ማምሻውን እመጣለሁ ብሎ አስጠንቅቆኛል» አለችው። «አንተ ግን አለሁልሽ ብለህ ነው የበላኸኝ።»