የቀጥቃጭ ክንድ አይወረስም

ከንስሐ አባታችሁ ጋር ስለ ዝንጀሮ ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ መቀሌ ከገባሁ ጀምሮ ሁለተኛ ሥራዬ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ መጣሁና ለተብርሃን የምትባል የመቀሌ ልጅ አገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ። እዚህ አገር ሚስት ስታገቡ የምትዛመዱት ከአማት ጋር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የንስሐ አባትም አብሮ ይመጣል። የለተብርሃን ቤተሰብ የንስሐ አባት አቦይ ቀሺ ናቸው። አቦይ ማለት አባቴ፣ ቀሺ ማለት ቄስ ነው። የክርስትና ስም አላቸው፤ ግን የሚጠራቸው የለም።

አቦይ ቀሺ በየወሩ እየመጡ ቤታችንን ጸበል ይረጫሉ። ከዚያ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ዝንጀሮዎችህ ደኅና ናቸው ወይ ይሉኛል። ጦርነቱ በዚህ ይጀመራል። (ያን ጊዜ ጦርነት የሚለውን ቃል ለቀልድ እንጠቀምበት ነበር።)

እኔ፣ ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ አላልኩም፣ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ነው ያልኩት እላለሁ። እሳቸው፣ ዘመድ ከሆኑ ለምን ለቅሶ አይደርሱም ይላሉ። አንድ ቀን ይህን የዝግመተ ለውጥ ነገር ያመጣውን እንግሊዛዊ ፎቶ ከመጽሐፌ ላይ አሳየኋቸው። አተኩረው አዩትና፣ ጺሙስ የመነኩሴ ነበር፣ ምን ያደርጋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው በቤታችን ስሙ ባለጺሙ ሆኖ ቀረ።

ክርክር የሚዘጉበት ዘዴም አላቸው። ልረታቸው ስል እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ይሰዱና መስቀል ያወጣሉ። መስቀል ሲወጣ ምን ይደረጋል? ተነሥቶ ይሳለሙታል። መስቀል እየተሳለመ የሚከራከር ሰው የት አለ? በዚህ ዓይነት አንድም ቀን ሳላሸንፍ ዓመታት አለፉ።

ከሁሉ የበረታው ክርክራችን የውርስ ነገር ነበር። እሳቸው፣ የአባት ጥፋት በልጅ ላይ ይወርዳል፣ እስከ ልጅ ልጅም ይዘልቃል ባይ ናቸው። ዘር ከልጓም ይስባል እያለ ላደገ ሰው ይህ ምን ይገርማል? እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ የማስተምረውን እነግራቸዋለሁ። ቀጥቃጭ ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቀጠቅጥ ክንዱ ይፈረጥማል። ልጁ ግን ክንደ ፈርጣማ ሆኖ አይወለድም። በወላጅ አካል ላይ የደረሰ ነገር ለልጅ አይተላለፍም፤ የቀጥቃጭ ክንድ አይወረስም። ይህችን አባባል የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲጽፏት ደስ ይለኛል። አቦይ ቀሺ ግን በሰሟት ቁጥር፣ «እዋይ ወደይ! ክንዱስ ይቅር፣ ኃጢአቱስ?» ይሉኝ ነበር፤ ወደይ ማለት ልጄ ነው።

ከዚያ እውነተኛው ጦርነት መጣ፤ ከተማዋ ተከበበች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ደሞዝ ቀረ። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃም እንደ ሌላው ሁሉ አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ነገር ሆነ።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና የእናቴን ላጫውታችሁ። ደብረ ብርሃን ሆና ድምፄ ሲጠፋባት አንዱ ወሬኛ ሞቷል አላት። አለቀሰች። ከዚያ ለልጄ ፍትሐት ይደረግለት ብላ ወደ ራሷ የንስሐ አባት ሄደች። ቄሱ እንቢ አሏት። ሬሳውን ያየ፣ ወይም የቀበረ ሰው መጥቶ ይመስክር፣ አለዚያ አልፈታም አሉ። እናቴ ተቀይማቸው ሰላምታ ነሳቻቸው። ስልክ ተለቅቆ ስደውልላት፣ ማን ልበል ነው ያለችኝ። እኔ ተማሪዎቼን ማስረጃ ጠይቁ እያልኩ አርጅቻለሁ። ማስረጃ ጠይቆ ከነሕይወቴ እንዳልፈታ ያደረገኝ ግን ቄስ ነው። እስቲ ይህን ለማን ትነግሩታላችሁ?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በዚያ ክፉ ዘመን ለተብርሃን ነፍሰ ጡር ነበረች። የሚበላ የለም። የነበረንን ልብስና ዕቃ ሸጠን ጨረስን። አቦይ ቀሺ ግን መምጣታቸውን አልተውም። ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር እኛ እስካለንበት ሓወልቲ ሰፈር ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር ኮታቸው እየሰፋቸው ሄደ። ጸበል ይረጫሉ፣ ይቀመጣሉ፤ የሚቀርብላቸው ነገር ግን የለም። ስለ ዝንጀሮዎቼም መጠየቅ ትተዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለተብርሃንን፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ» አሏት።

ለተብርሃን ሳቀች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

«አቦይ ቀሺ፣ ከጾሙስ ፈቱኝ። ከረሃቡ ማን ይፍታኝ?»

 እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ መስቀል ሊያወጡ መስሎኝ ተነሣሁ። ያወጡት ከቤተክርስቲያን የደረሳቸውን ቁራሽ የመክፈልት ዳቦ ነው። በእጇ አስጨበጧትና ዞር ሳይሉ ወጡ።

ልጃችን ምሕረት ተወለደች። ሚዛን ላይ ስትቀመጥ ነርሷ ኪሎውን ጮክ ብላ አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅንም። እንደ ምንም ብላ ተረፈች።

አሁን ምሕረት ትሮጣለች፣ በሁለት ቋንቋ ትሳደባለች። ታዲያ በቅርቡ ለተብርሃን የልጅቷን አልጋ ስታነጥፍ ትራሷ ሥር ደረቅ የሕምባሻ ቁራሽ አገኘች። ጣለችው። በሌላ ቀን ሌላ ቁራሽ ተገኘ። እሱንም ጣለችው። ሦስተኛውን ስታገኝ ግን መጣል አቃታት፤ እንደ ያዘችው መጥታ ፊቴ ቆመች።

አስቡት። ይህች ልጅ ምግብ ከጀመረች ወዲህ አንድ ቀን እራቷን ሳትበላ አላደረችም። ስለ ከበባው በፊቷ አውርተን አናውቅም። ታዲያ ዳቦ መደበቅን ማን አስተማራት?

«አንተ አስተማሪ ነህ» አለችኝ ለተብርሃን። «ንገረኝ። ይህን ነገር ከሆዴ ይዛው ነው የወጣችው?»

የቀጥቃጭ ክንድ አይወረስም ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ለምን መሰላችሁ? ኢንተርኔት ከተመለሰ ወዲህ ሓወልቲ አንድ ካፌ ተቀምጬ፣ ብስኩት ከኪሴ እያወጣሁ (ከኪሴ ብስኩት አይጠፋም፣ የካፌው ኬክ ዋጋ አይቀመስም)፣ ያለፈኝን ትምህርት ሳነብ ነበር። ለካ እኛ ስንራብ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዳንዶቹ፣ አሮጌው ትምህርት ጠበበን ይላሉ። በእናት ላይ የደረሰ መከራ፣ በተለይ ረሃብ፣ በማኅፀን ባለው ልጅ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል፣ ምናልባትም ከዚያ ያልፋል ይላሉ። ሌሎቹ፣ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም፣ አትቸኩሉ ይላሉ። የባለጺሙን ቤት አላፈረሱበትም፤ ክፍል እንጨምር አንጨምር እያሉ ነው የሚጣሉት። ለእኔ ግን ያ ክፍል የልጄ መኝታ ቤት ነው። ፈራሁ። ልጄ ያላየችውን ረሃብ ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ልትኖር ነው ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቦይ ቀሺን በቤተክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና፣ አሸነፉኝ አልኳቸው። የትራሱንም፣ ያነበብኩትንም ነገርኳቸው። በደስታ ይዘላሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዛሬስ ማሸነፉን አልፈልገውም ወደይ» አሉ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሉኝ አልነበረም?»

«እኔ ያልኩት ስለ ኃጢአት ነው። ረሃብ ኃጢአት ነው እንዴ? የዚያን ዘመን ሕፃናት ያጠመቅኩ እኔ ነኝ። ሁሉም እንደ ጨቅላ ወፍ ነበሩ። ሁሉም ይዘውት ይኖራሉ ልትለኝ ነው የመጣኸው?» ክንዴን ያዙኝ። «የቀጥቃጭ ክንድ አይወረስም ስትለኝ አልነበረም? በል እሷን ድገምልኝ።»

እንዲህ ያለ ክርክር የት ታይቷል? ቄሱ ለባለጺሙ ወገን ጠበቃ ቆመዋል። እኔ ደግሞ የሄድኩት እግዜር መሐሪ ነው፣ ይህን በሕፃን ላይ አያደርግም እንዲሉኝ ነበር። ሁለታችንም የራሳችን ሲያልቅብን የሌላውን ልንለምን ተገናኘን። የሚሰጥ ግን አልነበረም።

 በመጨረሻ፣ መስቀሉን ያውጡና ይብቃን አልኳቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መስቀሉ የሆነ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ጨርቁ ወደቀና ተፈታ። ውስጡ ደረቅ ዳቦ ነው።

«ለመንገድ ነው» አሉ ቶሎ ብለው። ቤታቸው ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጋር የተለጠፈ ነው። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የጀመርኩት እንደ ሚስትህ ያለች ብታጋጥመኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን ለራሴ ነው፤ ባዶ ኪስ ያስፈራኛል።»

ሳላስበው እጄ ወደ ራሴ ኪስ ሄደ። ብስኩቱን አውጥቼ ከዳቧቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። አዩት። አዩኝ። ከዚያ ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን፤ በኋላ ግን ሳቁ ቆሞ እንባው ብቻ ቀጠለ።

«አየህ? ከማኅፀን አላመጣችውም!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኛን አይታ ነው። ልጅ ያየውን መተው ይችላል።»

እውነታቸውን ይሁን አይሁን ምን አውቃለሁ? ደስ ግን አለኝ። የንስሐ አባት ናቸውና እዚያው ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት የለው፣ ጾም የለው። ቤትህ ግባና የደበቅከውን ሁሉ አውጥተህ ልጅህ እያየች ብላ አሉኝ። መብላት ቀኖና ሲሆን ያን ቀን አየሁ።

ቤቴ ገብቼ ብስኩቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለለተብርሃን ሁሉንም ነገርኳት።  እሷም ተነሥታ የልብስ ሳጥኗን ከፈተችና ከነጠላዋ ሥር ቆሎና ደረቅ ዳቦ አወጣች። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ አላወቅኩም ነበር። ምሕረት ተራ በተራ አየችን። ሮጣ ሄዳ ሕምባሻዋን አምጥታ ከእኛው አጠገብ አስቀመጠች። ለተብርሃን አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

በላን። ምሕረትም ከእኔ ብስኩት በላች፣ ከእናቷ ቆሎ ዘገነች። ስትጠግብ አፏን ጠረገች። ከዚያ ያልተነካውን ሕምባሻዋን አነሣች፣ አንድ ብስኩት ጨመረችበት፣ ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች።

አቦይ ቀሺ ቢያዩአት ያለቅሱ ነበር። ባለጺሙ ግን ጺሙን እያሻሸ፣ ይህችስ ትተርፋለች ይል ነበር። እኔማ ኪሴ ባዶ መሆኑ ትዝ አለኝና ወደ ሱቅ ወጣሁ።