የሰበታ ልጆች በአንድ ሳምንት እንዴት አደጉ?

[ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ቤት። ኤቢሴ የልጆች ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ፣ በሙያዋ የማትታማ፣ በምላሷም የማትረታ ሴት ናት። ባሏ ጉታ ባጃጅ ይነዳል፤ እሷ «ነገር የሚገባው በማግስቱ ነው» ትለዋለች። የሦስት ዓመት ልጃቸው ጂጂ የስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ አዝራር ትለቅማለች። ዓርብ ረፋድ ነው። በሰበታ ቤተ ክርስቲያን የልጆች መዘምራን መሪ የሆነችው ደስታነሽ በታክሲ የመለሰቻቸው አሥራ ሁለት ሰማያዊ የሕጻናት ኳየር ጋውኖች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል።]

ኤቢሴ፦ ልጆቹ ናቸው ያደጉት እንጂ ጋውኑ አላጠረም አልኩህ!

ጉታ፦ አሥራ ሁለቱም?

ኤቢሴ፦ አሥራ ሁለቱም!

ጉታ፦ በአንድ ሳምንት?

ኤቢሴ፦ ልጅ ሲያድግ ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?

ጉታ፦ አይ... ደስታነሽ ግን ምን አለች?

ኤቢሴ፦ ምን ትላለች! «እህቴ፣ ልጆቹ እሁድ ይዘምራሉ፤ ጋውኑ ግን ቁርጭምጭሚት መድረስ ሲገባው ባታቸው ላይ ቀረ፤ እጅጌውም ክንዳቸው ላይ። እስከ ነገ ካልተስተካከለ ሌላ ሰፊ እንፈልጋለን» አለች። ልኩን በስልክ ያስጻፈችኝ ራሷ! ዘጠና አለች፣ ዘጠና ቆረጥኩ።

ጉታ፦ ለጂጂ ባለፈው ሳምንት የሰፋሽላት ቀሚስ ግን ልክክ ብሏል።

ኤቢሴ፦ አየህ? ራስህ መሰከርክ! እዚሁ የለካኋት የጎረቤታችን የራቢአ ልጅም ልክክ አለላት። የቡራዩ ልጅ ሁሉ ልክክ! የማይሆነው ለሰበታና ለሱሉልታ ብቻ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ጉታ፦ [ብዙ አሰበ] የመንገዱ?

[ኤቢሴ «የልጆቹ» ልትል ነበር። ነገሩ ግን ጣማት።]

ኤቢሴ፦ እኔም እሱን ልል ነበር። ጨርቅ እኮ ሲንቀጠቀጥ ይሰበሰባል። ከሰው እግር ሥር ተጠቅጥቆ፣ በየጉድጓዱ እየነጠረ ሰበታ ሲደርስ ምን ሊሆን ነው?

ጉታ፦ እኔም ቀኑን ሙሉ በጉድጓድ ስነጥር ነው የምውለው። አጥሬያለሁ?

ኤቢሴ፦ [ከራሱ እስከ እግሩ እያየችው] ሳገባህ ትረዝም ነበር።

ጉታ፦ ለሱሉልታዋ ወርቅቱ ግን መንገዱ ነው አላልሻትም። ቀሚሱ ልጄን እንቢ አላት ብላ ስትደውል፣ «ልጅሽ ወተት አብዝታ ነው» አልሻት።

ኤቢሴ፦ እሱም አለበት። ወተትም መንገድም። ጂጂ፣ አዝራሩን ከአፍሽ አውጪ! አሁን አንድ ጋውን ይዘህ ገፈርሳ ደርሰህ ተመለስ። ካጠረ ጥፋቱ የመንገዱ መሆኑን ለደስታነሽ በማስረጃ እነግራታለሁ።

ጉታ፦ ብቻውን?

ኤቢሴ፦ ማን ብቻውን?

ጉታ፦ ጋውኑ።

ኤቢሴ፦ ያ ዋቃዮ! ሂድልኝ!

[ጉታ ሄደ። ኤቢሴ ለጂጂ ገንፎ ታበላለች፤ ጂጂ ደግሞ የደረሳትን ጉርሻ ለስፌት መኪናው ታጎርሳለች። አንዱን ስትጠርግ ሌላው ይቀባል። ለእሁድ የቀረው አንድ ቀን ተኩል ነው። ጉታ ተመለሰ።]

ጉታ፦ መጣን።

ኤቢሴ፦ ማንና ማን?

ጉታ፦ እኔና ጋውኑ። እንዳይወድቅ ወንበሩ ላይ ዘርግቼ በገመድ አሰርኩት። አንዲት ሴትዮ ልትሳፈር መጥታ «ሰው አለ» ብላ ተመለሰች።

ኤቢሴ፦ እጄ ገንፎ ነው፤ አንተው ለካው። ከትከሻ እስከ ጠርዝ።

ጉታ፦ [መሬት ላይ ዘርግቶ ሜትሩን አጋደመበት] ዘጠና።

ኤቢሴ፦ ሲሄድም ዘጠና፣ ሲመለስም ዘጠና?

ጉታ፦ መንገዱ ነጻ ወጣ።

ኤቢሴ፦ እንግዲያው ልጆቹ ናቸው! ከመጀመሪያውም ልጆቹ ናቸው ብዬሃለሁ!

ጉታ፦ ኤቢሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? አትቆጪም?

ኤቢሴ፦ እንደ ጥያቄው ነው።

ጉታ፦ ሜትር ሲጀምር ከስንት ነው?

ኤቢሴ፦ ከአንድ ነዋ! ጂጂ እንኳ የምታውቀውን!

ጉታ፦ ይሄ ከስምንት ነው የሚጀምረው።

ኤቢሴ፦ [ዞር ሳትል] ገልብጠህ ይዘኸው ነው።

ጉታ፦ [ገለበጠው] በዚህ በኩል ከመቶ ሃምሳ ይጀምራል።

[ኤቢሴ ማንኪያውን ጥላ መጣች። ሜትሩን ነጠቀችው። ከአንድ እስከ ሰባት የለም። በመቀስ፣ ያውም ቀጥ ተደርጎ፣ ተቆርጧል።]

ጉታ፦ ስለዚህ ዘጠና ስንል ሰማንያ ሦስት ነው። ጂጂንና የራቢአን ልጅ በዚሁ ለክተሽ በዚሁ ቆረጥሽ፤ ልክክ አለ። ደስታነሽና ወርቅቱ ግን የለኩት በራሳቸው ሜትር ነው።

ኤቢሴ፦ [ፊቷ እየቀላ] አንተ ነህ! «ልጅ ያዝልኝ» ስልህ ስልክህን እያየህ፣ መቀስ ሰጥተሃት...

ጉታ፦ እኔ መቀሱ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም። ጂጂ፣ ኮቱ የኔ ቆንጆ፣ ወደ እኔ ነይ። ይሄን ማነው የቆረጠው?

ጂጂ፦ እማዬ!

ኤቢሴ፦ ልጅ ይዋሻል!

ጂጂ፦ እማዬ ቆረጠች፣ «እንቺ፣ ዝም በይ» አለች።

[ያኔ ኤቢሴ ትዝ አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት ጂጂን ጉንፋን ይዟት ከጭኗ አልወርድ ብላ ነበር። የወርቅቱን ልጅ ቀሚስ ልትቆርጥ ስትል፣ ጂጂ የሜትሩን ጫፍ ይዛ አለቀሰች። በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው መቀስ፣ በጆሮዋ ስልክ። ጫፉን ቀጭ አድርጋ ሰጠቻት፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሥራዋን ቀጠለች። አሁን ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አነሳች።]

ኤቢሴ፦ ሄሎ ወርቅቱ? ያ ቀሚስ... ልጅሽ አልወፈረችም። ሜትሬ ነው የተበላሸው። ሌላ እሰፋላታለሁ።

ወርቅቱ፦ [በስልክ] ምን? «ወተት አብዝታ ነው» ብለሽኝ፣ በየጠዋቱ ከሱሉልታ ሯጮች ኋላ እያስሮጥኳት እኮ ነው!

ኤቢሴ፦ በቃ፣ አሳርፊያት።

ወርቅቱ፦ አሁን እንቢ አለች! እኔ ነኝ መከተል ያቃተኝ!

[ኤቢሴ ስልኩን ዘግታ የጋውኑን ክምር አየች። አሥራ ሁለት ጋውን እንደገና ለመቁረጥ ሰማያዊው ጨርቅ አልቋል።]

ጉታ፦ ቢጫ ጨርቅ ተርፎሽ የለ? ከሥርና ከእጅጌው ጫፍ ቢቀጠልበትስ?

[ኤቢሴ የማይሆንበትን ምክንያት ልታስረዳ አፏን ከፈተች። ከዚያ ቢጫውን ጨርቅ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችለት።]

ኤቢሴ፦ ለስፌቱ ሁለት ጨምረህ ዘጠኝ ሴንቲ ቁረጥ።

ጉታ፦ አሥራ ስድስት ላይ ማለት ነው።

ኤቢሴ፦ ዘጠኝ አልኩህ!

ጉታ፦ በዚህ ሜትር ዘጠኝ ላይ ብቆርጥ ሁለት ነው የሚሆነው።

ኤቢሴ፦ [በጣቷ ቆጠረች፤ ሁለተኛ ቆጠረች] ...አሥራ ስድስት ላይ።

[ያ ቀንና የቅዳሜ ጠዋት ጉታ እየቆረጠ፣ ኤቢሴ እየሰፋች፣ ጂጂ በቢጫው ቁርጥራጭ ላይ እየተኛች አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት ጉታ ጋውኖቹን በእቅፉ ይዞ ሰበታ ድረስ ሄዶ አስረከበ። እሁድ እኩለ ቀን ደስታነሽ ደወለች።]

ደስታነሽ፦ [በስልክ] እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ! ልጆቹ እንደ አደይ አበባ ነው የመሰሉት! የአዋቂዎቹ ኳየርም ያንኑ አምጡልን እያለ ነው። ያን ቢጫ ነገር ከየት አመጣሽው?

[ኤቢሴ «ከሙያዬ» ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጉታ ከጂጂ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጦ የተቆረጠውን ሜትር ለሁለት እየተጓተቱ ነው።]

ኤቢሴ፦ የባለቤቴ ዲዛይን ነው።

ጉታ፦ [ቀና ብሎ] የማን?

ኤቢሴ፦ [ስልኩን ዘግታ] ምንም። በል ነገ ስትወጣ አዲስ ሜትር ግዛልኝ።

ጉታ፦ ስንት ሜትር ልግዛ?

[ኤቢሴ «አንተ ሰው፣ አሁንም!» ልትል ተነሳች። ከዚያ ጂጂን አየች። የሜትሩን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ጥላ፣ ልታለቅስ አንድ ትንፋሽ ቀርቷታል።]

ኤቢሴ፦ ሁለት።