ግርማን አንሱት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እውነት ከሆነ የእኛ መልአክ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ስም ሳናወጣለት የምናልፈው ነገር የለማ! በሬው ስም አለው፣ በቅሎዋ ስም አላት። ውሻው ደግሞ ከስምም አልፎ መልእክት ይዞ ይዞራል። ጎረቤቱን ፊት ለፊት መናገር ያፈረ ሰው ውሻውን «ምን አገባችሁ» ብሎ ይሰይምና ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ ሲጣራ ያመሻል። ፈረስንማ ተዉት። ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም እያለ በፈረሱ ስም «አባ እንትና» ተብሎ ይፎከርለታል፤ ሲሞትም ፈረሱ ያለ ጌታው በለቅሶው መሀል እየተመራ በዚያው ስም ይለቀስለታል። ይህን ሁሉ የማወራው አዋቂ ለመምሰል እንዳይመስላችሁ። ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

የእኛ ጉድ የጀመረው ሲያትል ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በአሻንጉሊት መኪና ነው። አትሳቁ። በሬዲዮ የሚነዳ፣ ከጫማ ካርቶን ትንሽ ከፍ የሚል መኪና ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ሪሞት ስትነኩት ማዶ የቆመው ብድግ ብሎ ይበራል። በመካከላችን መጀመሪያ የገዙት ጋሽ ያዕቆብ ናቸው፤ ጸሎተኛ፣ ቁም ነገረኛ፣ የተከበሩ ሰው። ለማን ነው ሲባሉ «ለልጅ ልጄ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የጋሽ ያዕቆብን ፈለግ የተከተለው ጎልማሳ ብዛት ጉድ ያሰኝ ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊንውድ፣ ከአንድ የተዘጋ የዕቃ መጋዘን ጀርባ፣ ሰፊው ፓርኪንግ ላይ እንሰበሰባለን። የትልቁ መኪና ኮፈን ተከፍቶ ከባትሪው ሽቦ ይሳባል፣ የትንሹ ባትሪ ይሞላል፣ ጥቂት ደቂቃ ይበርና ያልቃል፣ እንደገና ይሞላል። ፋብሪካው ለመኪኖቹ ያወጣው ስም ግን አንጀታችንን አሳረረው። ተርብ! ፌንጣ! እንቁራሪት! «ሰው እንዴት ሁለት ሥራ ሠርቶ ያጠራቀማትን ፌንጣ ላይ ያፈሳል?» አለ አንዱ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። ስለዚህ እንደ አባቶቻችን የፈረስ ስም አወጣን። አባ ገስግስ መጣ፣ አባ ድፍን መጣ፣ ባትሪው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሰውዬም ሳይወድ በግድ አባ ቀርቶ ተባለ።

ከዚያ ነገሩ ከበደ። ለጸሎት ሰዓት የማያከብር ሰው ለውድድር ማልዶ ይገኛል። አንዱ ብርድ እንዳያደርቅበት ጎማዎቹን ካልሲ አልብሶ ያሳድራል፤ ሌላው ሚስቱ ሊጥ የምትመዝንበትን ሚዛን ሰርቆ መኪናውን ይመዝንበታል። በመጨረሻም፣ ከኮሚቴ ሸሽተን ድንበር ያቋረጥን ሰዎች፣ ኮሚቴ አቋቋምን። የስም ኮሚቴ! ሰብሳቢው ጋሽ ያዕቆብ ሆኑ፤ ሕግም ወጣ። የነፍሳትና የእንቁራሪት ስም ክልክል ነው። የሰው ስምም ክልክል ነው፤ እገሌ ተጋጨ፣ እገሌ ተሰበረ፣ እገሌ ተቃጠለ ሲባል መዋል ሟርት ነውና። እሳቸው ራሳቸው «አባ» ማለት ፉከራ ነው፣ ፉከራም ሥጋዊ ነው ብለው መኪናቸውን «ሃሌሉያ» አሉት። «ሃሌሉያ ተገለበጠ!» ብሎ መጮህ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የጮኸ ብቻ ነው።

የምጮኸው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እኔ መኪና የለኝም፤ ያለኝ ጉሮሮ ነው። ካፒቶል ሂል ምግብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትዕዛዝ ስጮህ ስለምውል፣ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተገለበጠ እንድለፍፍ ተሾምኩ። ደመወዝ የለውም እንጂ ሹመት ነው።

አንድ ቅዳሜ ኃይሉ አዲስ ቀይ መኪና ይዞ መጣ። ኃይሉ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅም በአፍንጫው የሚስቅ ሰው። ሚስቱ ጽጌ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ግርማ አገር ቤት ከታሰረ ዓመታት አልፈዋል፤ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም፤ እኛም ኃይሉ ባለበት ስሙን አናነሳም። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ኮሚቴው ፊት ቆሞ «ስሙ ግርማ ነው» ያለው።

«ኃይሉ ልጄ» አሉ ጋሽ ያዕቆብ፣ «ስንት ስም ሞልቶ የሰው ስም? ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግርማ ካልተባለ ግን አልነዳም።»

ናፍቆት ነው አልን። አዘንንለት። ሕግ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣሰ፣ ግርማም በሰው ስም የሚጠራ ብቸኛው መኪና ሆነ። ደግሞ ፈጣን ነበር! እኔም ደስ ብሎኝ እጮሃለሁ፦ ግርማ መጣ! ግርማ አለፈ! ሲገለበጥም ዳር ለቆሙት፦ ግርማን አንሱት! መኪና ሲገለበጥ ሮጦ የሚያቀና ሰው ያስፈልጋል፤ የውድድሩ ደንብ ነው። ጽጌ ብርዱን ስለማትችለው መኪናቸው ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ታየናለች። ሳቋ ይሰማኝ ነበር።

እዚህ ላይ ሾርላይን የሚኖሩትን እትዬ ብርሃኔን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ብርሃኔ የሲያትል አበሻ የመርዶ ፖስታ ቤት ናቸው። ማንም የትም ይሙት፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደወለው እሳቸው ቤት ነው፤ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚነገር የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጋሽ ያዕቆብንና እኔን አስጠሩን። በሩን ሲከፍቱልን ነጠላቸውን ወደ ታች አዘቅዝቀው ነበርና ገና ሳይናገሩ ገባኝ።

«የእህቴ ልጅ ከሮም ኮል አደረገችልኝ» አሉ። «ግርማ የለም። እስር ቤት እንዳለ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። ቤተሰቦቹም አልቅሱ አልተባሉም፣ ተከልክለው ነው የከረሙት።»

ጋሽ ያዕቆብ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ወዲያው የታየኝ ቅዳሜ ነው። ምን ብዬ ልጮህ ነው?

«ጽጌ እስክትገላገል ትንፍሽ የለም» አሉ እትዬ ብርሃኔ። «ከዚህ በፊት ጨንግፎባታል። ለባሏ ነግረን ከሷ ልንደብቅ አንችልም፤ ፊቱን አይታ ታውቃለች። እሷ ደግሞ ግርማን እንደ ወንድሟ ነው የምትወደው። አንተም እንደ ወትሮህ ጩህ። ዝም ካልክ ይጠረጥራሉ።»

ያ ቅዳሜ ጉም ነበር። የሲያትልን ጉም ያላየ ሰው ሲነገረው አይገባውም፤ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግን መሽቷል፣ የመጋዘኑ ግድግዳ አንዴ አለ አንዴ የለም። ወሬው ለኮሚቴው ሁሉ ደርሶ ኖሮ ማንም ማንንም አያይም። መኪኖቹ ተለቀቁ። ድምፃቸው እንጂ እነሱ አይታዩም፤ እያፏጩ ጉሙ ውስጥ ይገባሉ፣ በማዶ በኩል ዞረው ይወጣሉ። ከሁሉ ቀድሞ አንድ ቀይ አፍንጫ ከጉሙ ወጣ።

«ግርማ መጣ!» አልኩ።

ግድግዳው መልሶ «መጣ» አለኝ። ሌላ ቅዳሜ ይኸው ግድግዳ ይመልስ ነበር እኮ፤ ግን ማን ልብ ብሎ ይሰማዋል! አራት ዙር፣ አምስት ዙር፣ የሞተ ሰው ስም በጨለማ ስጣራ፣ በየዙሩ እየመጣልኝ። እናቶቻችን በጨለማ ስም ተጠርቶ አቤት አይባልም ይሉን ነበር። ጠሪው ምን እንደሚሆን ግን የነገረን የለም። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። ጎማዎቹ ወደ ሰማይ እየተሽከረከሩ ነው። እኔ እነሱን ማየት ያዝኩ። ኃይሉ ሪሞቱን እንደያዘ ዞሮ አየኝና «በል እንጂ!» አለኝ።

«ግርማን አንሱት!»

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሮጠ። አንዲት አሻንጉሊት ሰባት ስምንት ጎልማሳ ተሸክሟት ሲነሳ ብታዩ! ኃይሉ ግን በአፍንጫውም አልሳቀም።

ውድድሩ አልቆ ቆመን እናወራለን። ኃይሉ የሪሞቱን አንቴና አጥፎ የትልቁ መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦታል፤ አሻንጉሊቱ መሬት ላይ ነው። በድንገት ተንቀሳቀሰ። የማንም እጅ ሪሞት ላይ አልነበረም። እንደ ውድድሩ አልበረረም፤ በቀስታ፣ ሰው እንደሚያስብ እያሰበ፣ በመካከላችን አልፎ ጉሙ ውስጥ ገባ። ጽጌ የተቀመጠችበት በር ጋ ሲደርስ ቆመ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ብለው ጸጥ አሉ።

«በስመ አብ» አልኩ።

«የ… የጭነት መኪና ሬዲዮ ነው» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «ሾፌሮቹ የሚያወሩበት መስመር ከእኛው ጋር አንድ ነው። ማብሪያው ያልተዘጋ መኪና ካገኘ እንዲህ ያደርጋል።» ውሸት አይደለም፤ ባለፈው አባ ገስግስን ቦይ ውስጥ የከተተው እሱ ነው። ወደ መንገዱ አየሁ። የጭነት መኪና አልታየኝም፤ በጉም ደግሞ ምን ይታያል? ጽጌ በሩን ከፍታ፣ ያንን ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች፣ እጇን ወደ መኪናው ማብሪያ ሰደደች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጣሪያውን ዳበስ አድርጋ በሩን ዘጋች።

እንዲህ እየጮህኩ ክረምቱን ገፋሁት። ጽጌ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ፣ ሆስፒታሉ ዳዊት ብሎ መዘገበው። አራሷ ጠንከር ስትል እትዬ ብርሃኔ ቀኑን ቆረጡ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ ነውና፣ ወገግ ሲል እሳቸው ከፊት፣ ጋሽ ያዕቆብና እኔ ከኋላ ሆነን በሩን አንኳኳን።

ኃይሉ ከፈተ። እኛን አየ፤ የእትዬ ብርሃኔን የተዘቀዘቀ ነጠላ አየ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እባካችሁ ቀስ በሉ» አለ በሹክሹክታ። «ጽጌ አልሰማችም።»

«ምኑን?» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

«የግርማን ነዋ።»

መርዶ ልናረዳ ሄደን እኛው ተረዳን። አብሮት የታሰረ ሰው ተፈቶ፣ በሱዳን አድርጎ መጥቶ፣ ኃይሉን ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ ላይ አግኝቶ ነግሮት ኖሯል። «ጽጌ ማርገዟን በነገረችኝ ሳምንት ነው» አለ። «አውቶቡስ ላይ አይለቀስ፣ ቤት አይለቀስ። እዚያ መንግሥት ከለከለው፣ እዚህ እኔ ከለከልኩት። ሶ፣ መኪና ገዛሁ። ሰው ተሰብስቦ ስሙን ጮክ ብሎ ይጥራልኝ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ከጓዳ የጽጌ ድምፅ መጣ።

«ኃይሉ፣ አስገባቸው እንጂ፣ በር ላይ ለምን ታቆማቸዋለህ? ብቻ ቀስ በሉ፤ ምትኩ አሁን ነው የተኛው።»

«ማን ነው ምትኩ?» አለ ኃይሉ።

ምትኩ የሚባለው ማን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ሰው ሞቶ በእግሩ ለተተካ ልጅ የሚወጣ ስም ነው። እትዬ ብርሃኔ «ወይኔ ልጄን!» ብለው እዚያው ተቀመጡ፣ የተከለከለው ለቅሶም ተለቀሰ። ዳዊትም፣ ማለቴ ምትኩም፣ ተነስቶ አገዘን።

እንባ ጋብ ሲል ጽጌ ወደኔ ዞረች። «አንተ ነህ የነገርከኝ» አለችኝ።

«እኔ? ኧረ በሕግ! ትንፍሽ አላልኩም!»

«አፍህማ አልተናገረም። መጀመሪያ ‹ግርማ መጣ› ስትል ትስቅ ነበር። ከዚያ ከጉሙ ቀን ጀምሮ ግን እንደ አልቃሽ ነበር የምትጣራው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አብሬህ አለቅስ ነበር። ኃይሉ እንዳይሰማብኝ፣ መኪኖቹ ሲጮሁ ጠብቄ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ሆድ ጉሮሮዬ አውጥቶታል። እኛ ከእነሱ፣ እሱ ከእሷ፣ እሷ ከእሱ ተደባብቀን፣ ክረምቱን ሙሉ አንድ ለቅሶ ላይ ቆመናል። አልቃሹ እኔ ነበርኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ ማንም አልተወዳደረም። ኃይሉ ግርማን ብቻውን ለቀቀው፣ አንድ ዙር፣ በቀስታ፣ ጌታው እንደሌለበት ፈረስ። እኔም ጠራሁት። ግድግዳው መለሰልኝ፣ ይሄኛውን አልፈራሁም። ከዚያ ኮሚቴው ተሰብስቦ የሰው ስም በማናቸውም ምክንያት እንዳይወጣ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ተርብ፣ ፌንጣና እንቁራሪት ተፈቀዱ።

ስንበታተን ጽጌ ልጇን ታቅፋ ጠጋ አለችኝ።

«ያን ቀን መኪናው እኔ ጋ መጥቶ አልቆመ?»

«የጭነት መኪና ሬዲዮ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ይሆናል። ልዘጋው ጎንበስ ስል ግን ማብሪያው ዝግ ነበር።»

ይህን ለጋሽ ያዕቆብ ነገርኳቸው። ወደ መንገዱ አዩና የጭነት መኪና ነው አሉ። እኔም የጭነት መኪና ነው እላለሁ። እናንተም ለእኔ ብላችሁ፣ የጭነት መኪና ነው በሉ።