የሐሙስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር

ዕለት፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡10
ቦታ፦ የቤታችን ጋራዥ፣ መኪናችን ውስጥ (ሳሎኑን የታጠበ ምንጣፍ ስለያዘው)

የተገኙ፦
1. አባዬ፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽ፤ ሰብሳቢ፣ መሪ ጨብጠው
2. እማዬ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፤ አባል፣ ከጎናቸው
3. ታላቅ ወንድሜ፣ ፋርማሲስት፤ አባል፣ ከኋላ
4. አጎቴ፣ መካኒክ፣ ለማንኛውም ብልሽት ቤንዚን የሚለኩሰውን ካንዴላ ስለሚወቅሱ «ጋሽ ካንዴላ» የሚባሉት፤ አባል፣ ከኋላ
5. እኔ፣ ልጅ፤ ጸሐፊ፣ በሁለቱ መሀል ተጣብቄ

የመኪናዋ ወንበር አምስት ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የባትሪው መድከም

ሰብሳቢው ጠዋትና ማታ የሚመዘግቡበትን ደብተር ገልጠው፣ በሶኬትም በቤንዚንም የምትሄደው መኪናችን አዲስ ሳለች በአንድ ሙሉ ቻርጅ አምሳ ኪሎ ሜትር ትሄድ እንደነበር፣ ዛሬ ግን ሠላሳ አንድ ላይ መድረሷን አስረዱ። እርጅናዋን የካደ የለም። ያስቸገረው ሐሙስ ነው፤ በየሐሙሱ ከጋራዥ ንቅንቅ ሳትል ማታ ላይ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጎድሎ ይገኛል። ሰብሳቢው ነገሩን «የሐሙስ ሕመም» ብለው ሰይመውታል። ንባቡ አርባ ደቂቃ ወስዷል። እማዬ መስኮት መስኮቱን ያዩ ነበር።

ጋሽ ካንዴላ ጥፋቱ የካንዴላው መሆኑን ገለጹ። ባትሪ ካንዴላ እንደሌለው ሲነገራቸው፣ ችግሩም እሱው ነው አሉ። ወንድሜ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ፣ መድኃኒትም ጊዜው ሲያልፍ ስለሚጣል መኪናዋ ትሸጥ ሲል ሐሳብ አቀረበ። የሰባ ሁለት ዓመቱ ሰብሳቢ ይህ ሌላንም ሰው ይመለከት እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ካንዴላ «ክኒን ቆጣሪ» ማለታቸው ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ ሲል ወንድሜ ቢያመለክትም፣ ጸሐፊዋ ላጲስ አልያዘችም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ (ሀ) መኪናዋን ማንም እንዳይነካት ጋራዡ በየሐሙሱ እንዲቆለፍና ቁልፉ በሰብሳቢው ኪስ እንዲውል፤ (ለ) ካልተሻላት በወሩ መጨረሻ እንድትሸጥ፤ በአራት ድምፅ ተወሰነ። እማዬ እጃቸውን አላነሱም።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

እማዬ ዕድል ጠይቀው ተናገሩ።

«ባትሪው ደህና ነው። እኔ ነኝ።»

በየሐሙሱ አባዬ ቼዝ ሊጫወቱ ሲወጡ፣ እሳቸው መኪናዋን አብርተው፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጠው ሁለት ሰዓት እንደሚቀመጡ፣ ስትበራም ድምፅ ስለሌላት እንደመረጧት አስረዱ። ጋሽ ካንዴላ ከማን ጋር እንደሆነ ቢጠይቁ፣ መልሱ እኔን ተሻግሮ በመጣ የወንድሜ ክርን ተሰጥቷቸዋል። ሰብሳቢው ምን ሲሠሩ እንደሚቆዩ ጠየቁ። ምንም፣ ተባለ።

«አርባ ዓመት የሕፃን ልቅሶ ስሰማ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ዝም ያለ ቤት አገኛለሁ ብዬ ነበር። አንተም ጡረታ ወጣህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትመዘግበው ነበር።»

ደብተሩ ተዘጋ። ሰብሳቢው አዘኑ፤ ጸሐፊዋም እጇን ለ«ሀ» በማንሳቷ አፈረች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የጋራዡ ቁልፍ ለእማዬ ተሰጥቷል። በደብተሩ የሐሙስ መስመር ባዶ ይቀራል። በተጨማሪም ዛሬ ራሱ ሐሙስ መሆኑ፣ አባዬም ለዚሁ ስብሰባ ሲሉ ቼዛቸውን መተዋቸው ስለታወሰ፣ ከአንድ አባል በቀር ሁሉም ከመኪናዋ እንዲወርዱ ተወስኗል።

አባዬ ሲወርዱ ዓይናቸው ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ሄደ። አልጻፉትም። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ስብሰባው 10፡55 ላይ አበቃ። ይህ መስመር የተጻፈው ከውጭ፣ በሹክሹክታ ነው።